ወደ አሜሪካ የሚበር አየር መንገድ የደህንነት ሰነዶቹን እንዴት ይያዝ? ለጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ ጽሑፍ ኤርፖርት ውስጥ ለምትሠሩ ነው። በተለይ ደግሞ በዋሽንግተን ደለስ፣ በኒውዋርክ፣ በቺካጎ ወይም በአትላንታ በአንድ አየር መንገድ ጣቢያ ሱፐርቫይዘር ወይም የደህንነት አስተባባሪ ሆናችሁ "የሴኪዩሪቲውን ፋይል አንተ ያዝ" ወይም "አንቺ ያዢ" ለተባላችሁ። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ሆናችሁ ለእነዚህ ጣቢያዎች ሰነድ የምትልኩም ትጠቀሙበታላችሁ።

የአሜሪካ መንግሥት ከአየር መንገዶች የሚጠይቀው የደህንነት ሰነድ ሁለት ባለጉዳይ አለው። አንዱ መንግሥት ነው። ተቆጣጣሪው በጠየቀ ሰዓት ወረቀቱ መገኘት አለበት። ሁለተኛው ስሙ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰው ነው። አሻራውን የሰጠ የሥራ ባልደረባችሁ፣ የልደት ቀኑን የነገራችሁ መንገደኛ። ለዚህ ሰው ስትሉ ሰነዱን ከሌላ ዓይን መጠበቅ፣ ጊዜው ሲደርስም ማጥፋት አለባችሁ። የመጀመሪያውን ግዴታ የማያውቅ የለም። ሁለተኛው ግን ችላ ሲባል አያለሁ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሁለቱንም እኩል እይዛቸዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። እዚህ የተጻፈው ለሕዝብ ይፋ ከሆኑት ደንቦች ብቻ ነው። እያንዳንዱ አየር መንገድ ያለው የደህንነት ፕሮግራም፣ ማለትም የደህንነት ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን የሚያስቀምጠው ሰነድ፣ ግን ሚስጥራዊ ነው፤ ዝርዝሩ አደባባይ አይወጣም። አንድ ቅጽ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ፕሮግራማችሁ ከወሰነ የሚገዛችሁ እሱ ነው። ሌላው፣ እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ደንብ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ የአቪዬሽንና የትራንስፖርት ደህንነት ሕግን አወጣ። ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ኖቬምበር 19 ቀን 2001 ነው። ቲኤስኤ የሚባለው የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት የተወለደው በዚህ ሕግ ነው። በ2003 ደግሞ በአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ሥር ገባ።

የቲኤስኤ ደንቦች ያሉት በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 49 ውስጥ ነው። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው። ክፍል 1544 ለአሜሪካ አየር መንገዶች ነው። ክፍል 1546 ወደ አሜሪካ ለሚበሩ የውጭ አየር መንገዶች ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ኤምሬትስ፣ ኤል አል ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ክፍል 1542 ኤርፖርቱን ራሱን ይመለከታል። ክፍል 1540 ሁሉንም የሚያስተሳስር አጠቃላይ ደንብ ነው። ክፍል 1520 ስለ ጥንቃቄ የሚሻ የደህንነት መረጃ፣ ማለትም ሁላችንም ኤስ ኤስ አይ ስለምንለው ነገር ይናገራል። ክፍል 1560 የመንገደኞች ዝርዝር ማጣሪያ የሆነው ሴኪዩር ፍላይት ነው። ከእነዚህ ውጪ ደግሞ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት፣ ሲቢፒ፣ በርዕስ 19 የራሱ ጥያቄ አለው።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? የሃንድሊንግ፣ ማለትም የምድር አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ ሠራተኛ ጠዋት ለአሜሪካ አየር መንገድ፣ ከሰዓት ለውጭ አየር መንገድ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ የሚተዳደሩት በተለያየ ክፍል ነው። ፕሮግራማቸው የተለያየ ነው። ቅጻቸውም የተለያየ ነው። የአንዱን ቅጽ ለሌላው በረራ መሙላት ሥራውን እንዳልሠራችሁ ሊያስቆጥር ይችላል።

አንድ ገጽ ማውጫ አዘጋጁ። ሰነዱ ምንድን ነው፣ የሚጠይቀው የትኛው ክፍል ነው፣ ማን ይይዘዋል፣ የት ነው ያለው፣ መቼ ይጠፋል። አምስት ዓምድ ይበቃል። በኋላ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የምትዘረጉት ይህችን ገጽ ነው።

ደረጃ 2፦ የደህንነት ፕሮግራሙን ቅጂ በቦታው አድርጉ

ክፍል 1544 ለአሜሪካ አየር መንገዶች የሚለው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ በጽሑፍ ይሁን፣ ይፈረምበት። ዋናው ቅጂ በዋናው መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። በሚበርበት በእያንዳንዱ ኤርፖርት ደግሞ ሙሉው፣ ወይም የሚመለከተው ክፍል፣ ወይም ማስፈጸሚያ መመሪያው በቀላሉ የሚገኝ ይሁን። በኮምፒውተር የተያዘ ቅጂም ይበቃል።

የውጭ አየር መንገድ ከሆናችሁ ፕሮግራሙ ለቲኤስኤ የሚቀርበው በረራ ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ ነው። ቲኤስኤ በአየር መንገዱ አገር የሥራ ቋንቋ ካልጠየቀ በስተቀር በእንግሊዝኛ ይሆናል። ጣቢያ ላይ ቅጂ ማስቀመጡን እናንተም ብትከተሉት እመክራለሁ፤ ሌሊት ችግር ሲፈጠር አዲስ አበባ ደውሎ ገጽ ማስነበብ አይሆንም።

ጣጣው ያለው ማሻሻያ ሲመጣ ነው። አዲሱ ገጽ ይገባል፣ አሮጌው ግን ሳይወጣ ይቀራል። ከዚያ የሌሊት ፈረቃው በአሮጌው ይሠራል። ስለዚህ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማሻሻያ መዝገብ ይኑር፦ የማሻሻያው ቁጥር፣ የሚጸናበት ቀን፣ ያስገባው ሰው ፊርማ፣ አሮጌውን ገጽ ያስወገደው ሰው ፊርማ። አንዱ ፊርማ ብቻ ካለ ሥራው ግማሽ ነው።

ደረጃ 3፦ የሰዎቹን ሰነድ ለዩና ያዙ

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። አብዛኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ከሥልጠና እንጀምር። በአሜሪካ አየር መንገዶች ደንብ እያንዳንዱ በረራ ሲነሳ የምድር የደህንነት አስተባባሪ፣ ጂ ኤስ ሲ የምንለው ሰው፣ ሊመደብለት ይገባል። ይህ ሰው ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የደህንነት ሥልጠናውን ካልጨረሰ ሊመደብ አይችልም። የ12 ወር አቆጣጠሩ በወር እንጂ በቀን አይደለም። የተሃድሶ ሥልጠናው ጁን ላይ የሚደርስ ሰው ሜይ ላይ ቢሰለጥን፣ ጁን ላይ ቢሰለጥን፣ ወይም ጁላይ ላይ ቢሰለጥን በጁን እንደሰለጠነ ይቆጠርለታል። ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። ሰው ያለአግባብ ከሥራ አይታገድም። በሌላ በኩል ደግሞ "አንድ ወር አለን" ተብሎ ኦገስት ድረስ አይጎተትም።

የሥልጠና መዝገቡ ላይ ምን ይስፈር? በእኔ አስተያየት ከዚህ ያነሰ አይበቃም፦ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙሉ ስም፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ የሥልጠናው ስምና የትኛው እትም እንደሆነ፣ የተሰጠበት ቀን፣ አሠልጣኙ፣ ውጤቱ፣ የሠልጣኙ ፊርማ። የእትሙ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፕሮግራሙ ማርች ላይ ተሻሽሎ ከሆነና ሰውየው የሠለጠነው በፌብሩዋሪው ማስተማሪያ ከሆነ ስለ አዲሱ ለውጥ የተነገረው መቼ ነው? መልሱ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

ሁለተኛው የአሻራና የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ነው። ጥበቃ በሚደረግበት የኤርፖርት ክልል ውስጥ ያለ አጃቢ ለመንቀሳቀስ የሚያስችለውን ባጅ የሚፈልግ ሰው በአሻራ ይጣራል። ደንቡ 28 ዓይነት ወንጀሎችን ይዘረዝራል። ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ በአንዱ የተፈረደበት ሰው ባጁን አያገኝም። ባጅ ከያዘ በኋላ የተፈረደበት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

ይህን ፋይል ማን ይይዛል? ይህን ጥያቄ በትክክል መመለስ ግማሹን ችግር ያቃልላል። የአሜሪካ አየር መንገድ ከሆነ በክፍል 1544 መሠረት ራሱ አጣርቶ ለኤርፖርቱ ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ፋይሉም ኃላፊነቱም የአየር መንገዱ ነው። በውጭ አየር መንገድ ጣቢያ ግን ባጁን የሚሰጠውና ሪከርዱን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በክፍል 1542 መሠረት የኤርፖርቱ ባጅ ቢሮ ነው። እናንተ የሚደርሳችሁ "ባጁ ተሰጥቷል" ወይም "አልተሰጠም" ነው። ስለዚህ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ የሠራተኛ የወንጀል ሪከርድ ካገኛችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለው ነው።

ፋይሉ የእናንተ ከሆነ ደንቡ ከባድ ነው። የወንጀል ሪከርዱን መያዝ፣ መቆጣጠርና ማጥፋት የሚችሉት የአየር መንገዱ ቀጥተኛ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። የኮንትራት ኩባንያ ሠራተኛ አይነካውም። የሰውየውን ምስጢር በሚጠብቅ መንገድ መቀመጥ አለበት። የራሱን ሪከርድ ቅጂ በጽሑፍ ከጠየቀ ይሰጠዋል። "ይህ ስህተት ነው፣ እኔ አይደለሁም" የሚል ሰው ሪከርዱን ለማስተካከል ማሰቡን የሚያሳውቅበት 30 ቀን አለው። ይህንን የ30 ቀን መብት ለሠራተኛው ንገሩት። ስሙ ከሌላ ሰው ጋር የተመሳሰለበት፣ ወይም ክሱ ተዘግቶ ሪከርዱ ላይ ያልተዘጋ የሚመስል ሰው አለ። አዲስ የመጣ ወገናችን ደግሞ ደብዳቤው ሲደርሰው ደንግጦ ዝም ሊል ይችላል። ዝም ካለ ሥራው ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ስም፣ ቀንና ሰዓት

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚመለከተው እኛን ነው።

በሰዓት እንጀምር። አዲስ አበባ ያለ ሰው አውሮፕላኑ ተፈትሾ የተጠናቀቀበትን ሰዓት "ማታ 4:30" ብሎ ጻፈ እንበል። ለእሱ ግልጽ ነው። ዋሽንግተን ላይ የሚያነብበው ሰው ግን ከሰዓት በኋላ 4:30 ብሎ ይረዳዋል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ወረቀቱ አውሮፕላኑ ገና ከሌላ ከተማ ሳይመጣ ተፈተሸ እያለ ይመሰክራል። መፍትሔው አንድ ነው። በደህንነት ሰነድ ላይ ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ የአካባቢ ሰዓት ይሁን የዓለም አቀፉ ሰዓት በግልጽ ይጠቆማል። የአዲስ አበባ ማታ 4:30 በአካባቢ ሰዓት 22:30፣ በዓለም አቀፉ 19:30 ነው። ቅጹ ላይ የትኛው እንደሚፈለግ በደማቁ አሳትሙት።

ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከአገር ቤት የሚመጡ የመንግሥት ደብዳቤዎችና የትምህርት ማስረጃዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋሉ። አንድ ማስረጃ ላይ 15/03/2016 ተብሎ ቢገኝ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 25 ቀን 2023። አሜሪካዊው ተቆጣጣሪ ግን ማርች 15 ቀን 2016 አድርጎ ያነብበዋል። በእሱ ዓይን ማስረጃው ከእውነተኛው ቀኑ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ያረጀ ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ወሩን ታስቀድማለች፣ አብዛኛው ሌላው ዓለም ቀኑን። 05/06 ለአንዱ ሜይ 6፣ ለሌላው ጁን 5 ነው። እናም ወሩን በቁጥር አትጻፉ። በፊደል ጻፉት። የኢትዮጵያ ቀን ያለበት ማስረጃ ሲመጣ ዋናውን አትንኩ። ከጎኑ የተመለሰውን ቀን የያዘ፣ ማን እንደመለሰው የተፈረመበት ወረቀት አያይዙ።

ስም ሦስተኛው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ አሜሪካ ሲገባ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስመዘግባል፣ ሌላው የአያቱን። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ቢሮ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። በባጁ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሥልጠና መዝገቡ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለመዝገቡ ሦስት ሰው ነው። አንዱን መሠረት አድርጉ። ፓስፖርቱ ወይም የአሜሪካ መታወቂያው ላይ ያለው ይሁን። ሌሎቹን እስኪስተካከሉ ድረስ በሠራተኛ መለያ ቁጥሩ አያይዟቸው።

ደረጃ 5፦ የእያንዳንዱን በረራ ፋይል በዕለቱ ዝጉ

በረራው ላይ ምን ምን ቅጽ እንደሚሞላ ፕሮግራማችሁ ይነግራችኋል። እዚህ መዘርዘር አይፈቀድልኝም፣ አያስፈልግምም። እንዴት እንደሚሞላ ግን ልናገር።

ሥራው ሲሠራ ይሞላ። ከሠራው ሰው ውጪ ማንም አይፈርም። ቀድሞ የተፈረመ ባዶ ቅጽ ጣቢያው ውስጥ አይኑር። ስህተት ሲጻፍ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፣ አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ የተሳሳተው እንደተነበበ ይቀራል። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀንና ሰዓት ያኖራል። እንዲህ የታረመ ገጽ ተቆጣጣሪውን አያስቆጣም። በተቃራኒው ሰዎቹ በሥራቸው ላይ እንደነበሩ ያሳያል። የሚያጠራጥረው የወሩ ሠላሳ ገጾች በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ አንድም ስርዝ ሳይኖራቸው ሲገኙ ነው።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ የሚለውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 2015/1998 በሆነው ደንቡ ይህን በደንብ አስቀምጦታል። ከአውሮፓ ኤርፖርት የሚነሳ አውሮፕላን የደህንነት ፍተሻ መረጃ፣ ማለትም የበረራ ቁጥሩ፣ ከየት እንደመጣ፣ ፍተሻው የተጠናቀቀበት ቀንና ሰዓት፣ የኃላፊው ስምና ፊርማ፣ ከአውሮፕላኑ ውጪ ይቀመጣል። ለበረራው ጊዜ ወይም ለ24 ሰዓት፣ ከሁለቱ ረዘም ላለው። ከአውሮፕላኑ ውጪ የተባለበት ምክንያት ግልጽና ከባድ ነው። አውሮፕላኑ ላይ አንዳች ነገር ቢደርስ ወረቀቱ አብሮ መጥፋት የለበትም። አሜሪካም ብትሆኑ በዚህ መንፈስ ሥሩ። ዋናው ቅጽ ከካፒቴኑ ቦርሳ ጋር አይሂድ።

ደረጃ 6፦ የመንገደኛውን መረጃ ከሚያስፈልገው በላይ አትያዙ

የሴኪዩር ፍላይት ደንብ የወጣው በኦክቶበር 2008 ነው። አየር መንገዱ ከመንገደኛው ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ፆታ ይቀበላል። መረጃው ከመነሻው 72 ሰዓት ቀደም ብሎ ለቲኤስኤ ይላካል። በኋላ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ ወዲያው ይላካል። መልስ ሳይመጣ ቦርዲንግ ፓስ አይታተምም።

መንግሥት ራሱ ይህን መረጃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ማወቅ ለእኛም ትምህርት ነው። መንግሥት በስጋት ከሚከታተላቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ምንም ያልተመሳሰለ መንገደኛ መረጃ ጉዞው ካለቀ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ይጠፋል። የተመሳሰለ መስሎ በኋላ የጠራ ለ7 ዓመት ይቆያል። በእርግጥም ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው ለ99 ዓመት። አብዛኛው መንገደኛ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ነው። እንግዲህ መንግሥት በሳምንት የሚያጠፋውን የልደት ቀን ቼክ ኢን ላይ ያለ ሠራተኛ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዓመታት ቢይዘው ምን ይባላል? በምንም ሰበብ አይፈቀድ።

ለሲቢፒ የሚላከው ማኒፌስት፣ ማለትም የመንገደኞች ስም ዝርዝር፣ ሌላ ነው። በአንድ ላይ ተጠቃሎ የሚላክ ከሆነ የአውሮፕላኑ በር ከመዘጋቱ ከ30 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። አንድ በአንድ በቀጥታ የሚላክ ከሆነ እስከ በር መዘጋት ድረስ ይቻላል። የበረራ ሠራተኞቹ ዝርዝር ከመነሻው 60 ደቂቃ ቀድሞ። እዚህ ጋ መያዝ ያለበት ሰነድ መላኩንና መልስ መምጣቱን የሚያሳየው የሲስተሙ መልእክት ነው። ሲስተም ሲበላሽ ደግሞ መቼ እንደቆመ፣ ለማን እንደተደወለ፣ መቼ እንደተመለሰ በእጅ ጻፉ።

ስሙ ሁልጊዜ እየተመሳሰለ የሚንገላታ መንገደኛ ካጋጠማችሁ በአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር የቅሬታ ፕሮግራም አመልክቶ የሬድረስ ቁጥር ማውጣት እንደሚችል ንገሩት። ቁጥሩን ትኬት ሲቆርጥ ያስገባል። በስማችን መመሳሰል ምክንያት ለእኛ ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ደረጃ 7፦ ድንገተኛ መመሪያዎችን መዝግቡ

ስጋት ሲኖር ቲኤስኤ ለአሜሪካ አየር መንገዶች የደህንነት መመሪያ ያወጣል። ለውጭ አየር መንገዶች በአስቸኳይ ማሻሻያ መልክ ይመጣል። የአሜሪካ አየር መንገድ መመሪያው በወሰነው ጊዜ ውስጥ መድረሱን በቃል ማረጋገጥ፣ ከዚያም እንዴት እንደሚፈጽመው ማሳወቅ አለበት። ካልቻለ አማራጭ ያቀርባል።

በቃል የተነገረ ነገር ማስረጃ ስለማይሆን ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንዳረጋገጠ ወዲያው መዝግቡ። እያንዳንዱ ፈረቃ ስለ መመሪያው መቼ እንደተነገረው፣ ማን እንደነበረ በፊርማ ይያዝ። መመሪያው ሲያበቃ ወይም በሌላ ሲተካ ከሥራ ቦታው ይነሳ።

ደረጃ 8፦ ኤስ ኤስ አይን ከቴሌግራም አርቁ

በክፍል 1520 መሠረት ኤስ ኤስ አይ የሆነ ወረቀት በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ምልክቱ፣ ግርጌ ላይ የማከፋፈል ገደቡን የሚገልጸው ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። በእጃችሁ ካልሆነ በተቆለፈ መሳቢያ፣ ቁም ሳጥን ወይም ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ለሥራው ማወቅ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ያየዋል። አለቃ መሆን ብቻውን በቂ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር መረጃ የሚወጣው በስለላ አይደለም። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ግሩፕ ነው። "ይሄ ወጥቷል፣ እዩት" ተብሎ የመመሪያው ፎቶ ይለጠፋል። ግሩፑ ውስጥ ሥራ ከለቀቀ የቆየ ሰው አለ። ሌላ ኩባንያ የገባም አለ። የግሩፑ አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ደንቡን አንድ አድርጉ፦ በግሩፑ "አዲስ መመሪያ አለ፣ ቢሮ መጥታችሁ አንብባችሁ ፈርሙ" ብቻ ይባላል። መረጃው ከወጣ ደግሞ ለቲኤስኤ በፍጥነት ማሳወቅ ግዴታ ነው። አጥፍቶ ዝም ማለት ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ደረጃ 9፦ ተቆጣጣሪው ሲመጣ

ቲኤስኤ በማንኛውም ጊዜና ቦታ መፈተሽ፣ ሰነድ መመልከትና ቅጂ መውሰድ ይችላል። ክፍል 1544ም ክፍል 1546ም ይህን ይላሉ። "ሥራ አስኪያጁ የለም፣ ሰኞ ተመለሱ" መልስ አይሆንም። በእያንዳንዱ ፈረቃ ቁልፉን የያዘና ማውጫ ገጹን የሚያውቅ ሰው ይኑር። ተቆጣጣሪው የወሰደውን ቅጂ በሙሉ ዘርዝራችሁ ለራሳችሁ ያዙ። መታወቂያውን ማየትም መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ሥራችሁ ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ። ካለፉት ወራት አንድ በረራ በዘፈቀደ ምረጡ። ፋይሉን አውጡ። የዚያን ቀን የተመደበው አስተባባሪ ማን ነበር? የዚያን ቀን ሥልጠናው ጸንቶ ነበር? ባጁስ? እነዚህ ሦስት ወረቀቶች የሚገኙት በሦስት የተለያዩ ፋይሎች ውስጥ ነው። ቀዳዳው የሚታየው ሲገናኙ ብቻ ነው።

ወረቀት ከጎደለ ምን ይደረግ? እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ሰውን ይፈትናል። ጓደኛ "አሁን እንሙላው፣ ማን ያውቃል" ይላል። እንዳታደርጉት። ክፍል 1540 ደንብ መከበሩን ለማሳየት በሚያዝ መዝገብ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት ማስፈርን ይከለክላል። በፌዴራል የወንጀል ሕግም ለመንግሥት ሐሰት መናገር እስከ 5 ዓመት እስር ያስከትላል። የጎደለ ወረቀት የድርጅቱ ጉድለት ነው። ኋላ ተፈብርኮ የተፈረመ ወረቀት ግን የፈራሚው ወንጀል ነው፤ በስደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከቅጣቱ በላይ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያናጋ ይችላል። ወረቀቱ እንደጎደለ በዕለቱ ቀን ጻፉ፣ ለአለቃችሁ አሳውቁ። ቲኤስኤ ጥፋትን ራሱ ቀድሞ ለሚያሳውቅ አየር መንገድ የተዘጋጀ አሠራር አለው። ያን መንገድ የሚመርጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ግን የሚመርጠው እናንተ ስትነግሩት ነው።

ደረጃ 10፦ በጊዜው አጥፉ

የአሻራ ማመልከቻውና ተያያዥ ፋይሉ ሰውየው ያለ አጃቢ ለመንቀሳቀስ የነበረው ሥልጣን ካበቃ በኋላ 180 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ የወንጀል ሪከርዱ የግድ ይጠፋል። ሥልጣኑ ማርች 1 ያበቃ ሰው 180ኛ ቀኑ ኦገስት 28 ነው። ሰው ሥራ የለቀቀ ዕለት ይህን ቀን አስልታችሁ ፋይሉ ሽፋን ላይ ጻፉ። "ይቀመጥ፣ ምን ይጎዳል" የሚል ብዙ አለ። ይጎዳል። ከዓመታት በፊት የሄደ ሰው የወንጀል ታሪክ ቢሮ ሲቀየር በካርቶን ሜዳ ላይ ይገኛል።

ሪከርዱን የሚያጠፋው የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኛ ነው ብያለሁ። ስለዚህ የወረቀት ማስወገጃ ኩባንያ ሳጥን ውስጥ መክተት አይሆንም። ራሳችሁ በሚቆራርጠው ማሽን አሳልፉት። ኤስ ኤስ አይም ቢሆን ተመልሶ እንዳይነበብ፣ እንዳይገጣጠም ሆኖ መጥፋት አለበት። የኮምፒውተር ቅጂውን፣ የኢሜይል አባሪውንና በስካነሩ ውስጥ የቀረውን ቅጂ አትርሱ።

ክስ ወይም ምርመራ ያለበት ፋይል ብቻ ይቆያል፤ ይህንንም የሚወስነው የሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ነው። ለቀሪው የማጥፊያ መዝገብ ያዙ፦ የሠራተኛው መለያ ቁጥር፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የጠፋበት ቀን፣ ያጠፋውና የመሰከረው ሰው ፊርማ። ሪከርዱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር መዝገቡ ላይ አይሰፍርም።